ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ስለ ቀረጥና ስለ ግብር አብዝተው ያሰቡትን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ገብረ ሕይወት በ1886 በትግራይ፣ አድዋ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን መተማንም ታውቃላችሁ። በመጋቢት 1889 አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚያ ነው፤ የገብረ ሕይወት አባትም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ልጃቸው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ዘመኑም ከብቱና ሰዉ ያለቀበት ክፉ ቀን ነበር።

በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። ከዚያም ወደ ኦስትሪያ በሚሄድ መርከብ ባሕር ተሻገሩ፤ ባዕድ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊንም ሕክምና አጠኑ። ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቢሠሩም፣ ከሹማምንቱ ሽኩቻ የተነሣ አልቆዩም። ተሰደዱ። የተሰደዱትም ወደዚሁ ወደ ሱዳን ነበር።

በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው ጽሑፋቸው ለአዲሱ መንግሥት ብዙ ነገር መከሩ። የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ ገንዘብ ይለይ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር ልኩ ይታወቅ፤ ወታደሩ ደመወዝ ይቆረጥለት አሉ። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ግን ደመወዝ የሌለው ወታደር የሚበላው ከገባሩ ጎተራ ነበር። ገባሩ ብዙ ቢያመርት ብዙ ይወሰድበታል፤ ታዲያ ስለ ምን ብሎ ይድከም?

በኋላ የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ነጋድራስ መባላቸውም ከዚህ ነው። የቀረጥን ነገር በዓይናቸው አዩት። አሞሌ ጨውን እንውሰድ። ከአፋር በረሃ የወጣው አሞሌ በየኬላው ቀረጥ እየተቆረጠበት ሲጓዝ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ኬላው ላይ የሚከፍለው ነጋዴው ይምሰል እንጂ፣ መጨረሻ ላይ ዕዳው የሚያርፈው ጨው በምትገዛው እናት ላይ ነው። (ወላጆቻችሁ ሰሊጥ ነግደው ከሆነ ጠይቋቸው፤ ከእኔ ይልቅ አብራርተው ይነግሯችኋል።) ባቡሩም ቢሆን ቡናና ቆዳ ይዞ ወርዶ የፋብሪካ ጨርቅ ይዞ ይመለስ ነበር። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚገዛ ያስረዱት ከዚህ ተነሥተው ነው።

በ1919 ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳሉ አረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1924፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ነው።

ልኩ የታወቀ ግብር ያሉት ነገር በአዋጅ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1942 በወጣው አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር ተወሰነ። ገበሬው ለሹሙ በነፃ ይሠራው የነበረውም በአዋጁ ተከለከለ። የራሱ መሬት ያለው ገበሬ ዕዳውን ዐወቀ። ጭሰኛው ግን ሌላ ነው፤ ባለመሬቱ ብሩን በእሱ ላይ ጫነበት፣ እህሉንም እንደ ቀድሞው ማካፈሉን አልተወም። አዋጁ የጭሰኛውን ደጃፍ ሳያንኳኳ 1975 ደረሰ። መሬት ለአራሹ የታወጀው በዚያ ዓመት ነው።