አጼ ዮሐንስ 4ኛ፦ የዘር ሐረጋቸው፣ ዘመነ መንግሥታቸውና የዙፋን ውርሳቸው

የመቀሌ ከተማ ዛሬ ኩሓን ጨምሮ በየአቅጣጫው ተስፋፍታለች። በልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚታወቀው ቃላሚኖም የከተማዋ አካል ነው። ለከተማዋ ዕድገት መሠረት የጣለው አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸው በሥፍራው እንዲሠራ የሰጡት ውሳኔ ነው። በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ መሪነት የታነጸው ይህ ቤተ መንግሥት ለረጅም ዓመታት በሙዚየምነት አገልግሏል።

ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ምርጫ በመባል የሚታወቁት አጼ ዮሐንስ በሐምሌ ወር 1829 ዓ.ም በተምቤን ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ ወልደ ኪዳን ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ የእንደርታው ደጃዝማች ድምፁ ደበብ ልጅ ናቸው። የእናታቸው እናት ወይዘሮ ታቦቱ ወልዱ ደግሞ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከወጡበት የአጋሜ ገዥዎች ቤት የተገኙ ነበሩ። በአባታቸው በኩል የዘር ሐረጋቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲያወርዱ ከነበሩት ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ይገናኛል። በዚህም ሳቢያ ተምቤን፣ እንደርታ፣ አጋሜና አድዋ በአንድ ሰው የትውልድ መስመር ተገናኝተዋል።

ለንጉሠ ነገሥትነት ግን ከሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት መወለድ እንደ ዋና መመዘኛ ይቆጠር ነበር። ካሳ ይህንን ተወላጅነት ያስቆጠሩት በአባታቸው እናት በኩል፣ ማለትም በሴት መስመር ነው። እንዲህ ያለው አሠራር በሌላውም ዓለም ታይቷል። በመካከለኛው ዘመን ጀርመን እ.ኤ.አ. በ936 በአኽን ከተማ ዘውድ የጫኑት የቀዳማዊ ኦቶ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1024 ያለ ወራሽ ሲቀር፣ መሳፍንቱ በኦቶ ሴት ልጅ በኩል የሚወለዱትን ዳግማዊ ኮንራድን መርጠው አንግሠዋል። በሁለቱም አገሮች የዘር ሐረግ ለዙፋን የመወዳደር መብት ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ ዙፋኑን ለማጽናት የመሳፍንቱ ድጋፍና የጦር ኃይል አስፈላጊዎች ነበሩ።

አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም በመቅደላ ካለፉ በኋላ ዘውዱን የጫኑት ዋግሹም ጎበዜ፣ በንግሥ ስማቸው አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ የላስታ ዛጉዌ ነገሥታት ተወላጅ ከመሆናቸውም በላይ የካሳ እህት የወይዘሮ ድንቅነሽ ባለቤት ነበሩ። ይሁንና ዝምድናው ግጭቱን አላስቀረውም። በ1863 ዓ.ም በአድዋ አቅራቢያ በተደረገው የአሳም ውጊያ፣ የካሳ ሠራዊት በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ድል አድርጎ ተክለ ጊዮርጊስን ማረከ። ለዚህ ድል ወደ መቅደላ ያለፈው የእንግሊዝ ጦር ላገኘው ትብብር ምላሽ ለካሳ ትቶላቸው የሄደው መድፍና ጠመንጃ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ካሳ በጥር ወር 1864 ዓ.ም በአክሱም ጽዮን፣ ከግብፅ በመጡት በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።

የአስተዳደራቸው ዋና መለያ የየአካባቢው ገዥዎች የበላይነታቸውን እስከተቀበሉና ግብር እስከከፈሉ ድረስ በሥልጣናቸው እንዲቆዩ ማድረጋቸው ነው። በ1870 ዓ.ም በልቼ በተደረገው ስምምነት ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ጥያቄያቸውን ትተው በሸዋ ንጉሥነታቸው ጸኑ። በ1873 ዓ.ም ደግሞ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ነገሥታት በእምባቦ ሲዋጉ ንጉሠ ነገሥቱ ጣልቃ በመግባት የኃይል ሚዛኑን አስተካከሉ። ከዚያም ልጃቸውን ራስ አርአያ ሥላሴን ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ።

ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ መዲና ተወስነው አልተቀመጡም። ችሎታቸውና ግብር አሰባሰባቸው ከሠራዊታቸው ጋር ከሥፍራ ሥፍራ ይዘዋወር የነበረ ሲሆን፣ በ1873 ዓ.ም የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ቪልሄልም መልእክተኛ ጌርሃርድ ሮልፍስ ያገኛቸው በደብረ ታቦር ነበር።

ለአካባቢ ገዥዎች ያሳዩት ትዕግሥት በሃይማኖት ረገድ አልተደገመም። በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ የተካሄደው ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የትምህርት ክርክር በተዋሕዶ የበላይነት ቋጨ። ከዚያም የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የወጣው ትእዛዝ በኃይል በመፈጸሙ ዐመፅና ስደት አስከትሏል። ይህ እርምጃ የዘመነ መንግሥታቸው ከባድ ጠባሳ ሆኖ ይታወሳል።

በውጭ ወረራ ረገድ በ1868 ዓ.ም የግብፅን ጦር በጉንደት፣ ጥቂት ወራት ቆይቶም በጉራዕ ድል አድርገዋል። በ1876 ዓ.ም ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በአድዋ የተፈረመው ውል የቦጎስን መመለስና በምፅዋ ወደብ በነፃ የመተላለፍ መብትን ያካተተ ነበር። ሆኖም በ1877 ዓ.ም ኢጣሊያ ምፅዋን ያዘች። በ1879 ዓ.ም ራስ አሉላ በዶጋሊ የኢጣሊያን ጦር ሲደመስሱ፣ በቀጣዩ ዓመት የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ። መንግሥቱ በሰሜንና በምዕራብ በሁለት ጠላት መካከል ገባ።

በዚሁ በ1880 ዓ.ም አልጋ ወራሽ እንደሚሆኑ ይጠበቁ የነበሩት ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማ ከመሐዲስቶች ጋር በገጠሙት ውጊያ ቆስለው ሲያርፉ ዕድሜያቸው 51 ነበር። ከማረፋቸው በፊት ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን ቢያስታውቁም፣ ኑዛዜው በሌሎች ገዥዎች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ሠራዊቱ ተበታተነ፤ አስከሬናቸውም በጠላት እጅ ወደቀ። ዙፋኑ የዘር ሐረጋቸውን በወንድ መስመር ወደ ሰሎሞናዊው ቤት ለሚያደርሱትና ጠንካራ ጦር ለነበራቸው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ተላለፈ።

የአጼ ዮሐንስ ተወላጆች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ትግራይን በገዥነት አስተዳድረዋል። በ17 ዓመታት ዘመነ መንግሥታቸው የየአካባቢውን ገዥዎች በአንድ ዘውድ ሥር ያሰባሰቡት ንጉሠ ነገሥት የአገሪቱን ነፃነት በሕይወታቸው መሥዋዕትነት አስከብረዋል። የዙፋን ውርስን ጉዳይ ግን ገዥዎቹ አስቀድመው በተስማሙበት ሥርዓት አላጸኑትም ነበርና፣ የተከሉት ሥርወ መንግሥት በእርሳቸው ጀምሮ በእርሳቸው አበቃ።