አጼ ምኒልክና የባሕር ዛፍ ከተማ

በ1991 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ላይ ወራት ያሳለፈ ሁሉ የማይረሳው ነገር አለ፤ የጠዋቱ ብርድና በየደጁ የሚነሣው የባሕር ዛፍ ጭስ ነው። ወገባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት እናቶችም እንዲሁ ከዓይን አይጠፉም። ያንን ዛፍ የአገሩ ተወላጅ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የተገኘ፣ ባሕር ተሻግሮ የገባ እንግዳ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተተከለው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ነው። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምኒልክ በነሐሴ ወር 1844 ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ናቸው። በ1855 አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ለመያዝ ሲመጡ አባታቸው በዚያው ሰሞን አረፉ፤ ልጁም በ11 ዓመታቸው ተይዘው ሄዱ። ቴዎድሮስ ግን እንደ እስረኛ አላንገላቷቸውም፤ በቤተ መንግሥት አሳደጓቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ምኒልክ ይህን ሁሉ ትተው በ1865 ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ሸዋ ገቡ፤ በአባታቸውም ዙፋን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የምኒልክ ሕይወት ከቦታ ቦታ መዘዋወር ነበር። አንኮበር፣ ልቼ፣ ወረ ኢሉ፣ በኋላም እንጦጦ። የመዘዋወሩ ምክንያት ጦርነት ብቻ አይደለም። ንጉሥ ባለበት ሁሉ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ጣዩና አንጥረኛው አብሮ አለ። ያ ሁሉ ሰው ለምግቡ እንጨት ያነዳል፤ ለቤቱ እንጨት ይቆርጣል። በቅርብ ያለው ጫካ ካለቀ በኋላ አገልጋዩ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ቆይቶም የሙሉ ቀን መንገድ እየሄደ ይለቅማል። ያም ሲያቅት ከተማው ይነሣል፤ ሌላ ጫካ ያለበት ቦታ ይፈለጋል። ከምኒልክ በፊት የነበሩ ብዙ ነገሥታትም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። የተተወው ተራራ ግን ራቁቱን ይቀራል።

የሰው ቤት ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ ጭቃ ቤት ያቆመ ሰው ያውቀዋል። ቋሚው አለ፤ ማገሩ አለ፤ ለጣራው ወራጁ አለ። ጭቃና ጭድ የሚለሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥንት ለቋሚ የሚመረጠው ጽድ ነበር፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ይቆያል። ችግሩ ጽድ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። አባት የቆረጠውን የልጅ ልጅ እንኳ ተክቶ አያየውም።

እንጦጦ ለጠላት አስቸጋሪ፣ ለመጠበቅ የተመቸ ከፍታ ነው። ነፋሱና ብርዱ ግን አያስቀምጥም ነበር፤ እንጨቱም እየሳሳ ሄደ። በ1886 እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከተራራው ሥር ካለው ፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረዱ። ምኒልክ በኅዳር 1889 ዘውድ የጫኑት ግን ገና እንጦጦ ማርያም ላይ ነው።

ስለ ዓድዋ ድል ብዙ ተነግሯል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። በመጋቢት 1896 ያን የመሰለ ድል ያገኙት ንጉሠ ነገሥት ግን በራሳቸው ከተማ የማገዶ ችግር አልለቀቃቸውም። አዲስ አበባ ሰፍታ የብዙ ሺህ ሰው መኖሪያ ሆናለች። ጽዱና ወይራው በዙሪያዋ አልቋል። ስለዚህ ምኒልክ የአባቶቻቸውን ልማድ ሊከተሉ አሰቡ። በ1900 ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ጫካ ያልራቀበት ቦታ መርጠው አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥትም ይሠራ ጀመር።

ከተማው ግን አልተነሣም። የውጭ አገር መልእክተኞች ብዙ ወጪ አውጥተው አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተው ነበርና መዛወሩን አልወደዱትም። ከዚህም ሌላ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ የባሕር ዛፍ ዘር ገብቶ መተከል ጀምሮ ነበር። ዘሩን ማን አመጣው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ፈረንሳዊው አማካሪ ሞንዶን ቪዳይሌ ነው የሚሉ አሉ፤ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው የሚሉም አሉ። የማያከራክረው ምኒልክ ነገሩን መያዛቸው ነው። ችግኝ በትንሽ ዋጋ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ገበሬውና ባለ ርስቱ ምክር ሰምቶ ሳይሆን ጥቅሙን አይቶ ተከለ። በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሥራቸው ሁሉ ይልቅ ብልሃታቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ዛፉ በአምስት በስድስት ዓመት ለማገርና ለወራጅ ይደርሳል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ አጥር አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዴ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። የጽድን ያህል አይጸናም፤ ምስጥም ይበላዋል፤ ግን ቋሚው ቢበሰብስ የሚተካው ከጓሮ አለ። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና ቀረች። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛም ከቤቱ ይልቅ ዛፉን የሚያይበት ከተማ ሆነች።

በዚያው በ1890ዎቹ ሐዴራ ላይ የሰፈሩ አይሁዶችም ባሕር ዛፍ ይተክሉ ነበር፤ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ወጪውን ችለው ነበር። እነርሱ የፈለጉት ማገዶ አልነበረም፤ ወባ የሚያረባውን ረግረግ ማድረቅ ነው። ሐዴራ አካባቢ የሚታየው እዚያ አገር ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንጦጦን የሸፈነው ነጩ ነው። ውሃ መጠጣቱ ለሐዴራ ሰው በረከት ሲሆን ለኢትዮጵያ ገበሬ ግን ቅሬታ ሆነ። ምንጭ ደረቀ፣ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ከእርሻ ዳር ከተተከለ እህሉ ይቀጭጫል የሚለው ስሞታ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አላበቃም። ለኮረብታ የሚሆን ዛፍ ለምንጭ ዳርና ለእርሻ ዳር አይሆንም።

ስሞታው ቤተ መንግሥትም ደርሷል። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ ዛፍ፣ የሐር ትል የሚበላው፣ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። የፈጸመው የለም። ቤቱን በባሕር ዛፍ ያቆመ፣ እንጀራውን በባሕር ዛፍ የሚጋግር ሰው ለሐር ትል ብሎ አይነቅልም።

ምኒልክ ራሳቸው ትእዛዝ የሚያስፈጽሙበት ጊዜ አልፎ ነበር። ከ1906 ጀምሮ ሕመም ጸናባቸው፤ በ1909 ሰውነታቸው ሽባ ሆነ። በታኅሣሥ 1913 አረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ አልተነገረም። ከድሬዳዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ከእርሳቸው በኋላ በ1917 ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ፎቅ ሲሠራ ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫ ብዙ ጊዜ የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ሕንጻው ሲያልቅ አጠናው ይፈታና ወደ ሌላው ሕንጻ ይሄዳል፤ ሲሰበር ደግሞ ለማገዶ ይሸጣል።