ኤውዤን ቪዮሌ-ለ-ዱክ

ኤውዤን ኤማንዌል ቪዮሌ-ለ-ዱክ (እ.ኤ.አ. 1814–1879) ፈረንሳዊ አርክቴክት፣ ጸሐፊና የጥንታዊ ሕንፃዎች አዳሽ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል እድሳት ነው። ከሥራዎቹ መካከል በብረት፣ በመዳብና በእርሳስ የተሠሩት ግን ዛሬም ለቅርስ ጠጋኞች ትምህርትም ራስ ምታትም ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወት

የተወለደው ጥር 27 ቀን 1814 በፓሪስ ነው። በዘመኑ አርክቴክት መሆን የሚፈልግ ሁሉ የሚገባበትን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይልቁንም በፈረንሳይና በጣሊያን እየተዘዋወረ ሕንፃዎችን በመሳል ራሱን አስተማረ። በ1840 የታሪካዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ደራሲ ፕሮስፔር ሜሪሜ ሊፈርስ የደረሰውን የቬዝሌን ቤተ ክርስቲያን እንዲያድስ ኃላፊነት ሰጠው። ያን ጊዜ ገና 26 ዓመቱ ነበር። በ1844 ደግሞ ከዣን ባፕቲስት ላሱ ጋር ሆኖ የኖትር ዳምን እድሳት ውድድር አሸነፈ። ላሱ በ1857 ሲሞት ሥራውን ብቻውን ቀጠለ።

ከ1854 እስከ 1868 በ10 ቅጾች ባሳተመው የፈረንሳይ ሥነ ሕንፃ መዝገበ ቃላት ውስጥ፣ ማደስ ማለት ሕንፃውን ምናልባት በየትኛውም ዘመን ወዳልነበረበት የተሟላ ሁኔታ ማምጣት ነው የሚል አቋም ይዟል። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን ግን እድሳትን ከጥፋት ሁሉ የከፋ ጥፋት አድርጎ ያይ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ብረት፣ መዳብና እርሳስ

የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች ድንጋይን ከድንጋይ ለማያያዝ ብረት ይቀብሩ እንደነበር ቪዮሌ-ለ-ዱክ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ አደጋውንም እንዲሁ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ብረቱ በድንጋይ መካከል ተዘግቶ ከሆነ ዝገቱ የሚያብጥበት ቦታ ስለማያገኝ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ቢሆንም ብረትን አልጠላም፤ እንዲያውም ብረት በግልጽ የሚታይባቸው አዳዲስ አዳራሾችን ነድፎ በመጻሕፍቱ አሳትሟል።

የኖትር ዳም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሾጣጣ ጉልላት በንፋስና በእርጅና ተዳክሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወርዶ ነበር። ቪዮሌ-ለ-ዱክ በ1859 የተከለው የቀድሞው ግልባጭ አይደለም፤ ከዚያ የሚረዝምና በጌጥ የበለጸገ የራሱ ንድፍ ነው። ለዚህ ጉልላት ወደ 500 ቶን የኦክ እንጨትና 250 ቶን እርሳስ ገብቶበታል። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ ማናቸውንም ቅርጽ ይይዛል፣ እንደ ብረትም አይዝግም። የሚቀልጠው ግን በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው።

በጉልላቱ ሥር 16 የመዳብ ሐውልቶች ቆሙ፤ 12ቱ ሐዋርያትና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አርባዕቱ እንስሳ የሚባሉት የወንጌላውያን ምልክቶች። የቀረጻቸው ዦፍሯ-ደሾም ሲሆን ቅዱስ ቶማስን በቪዮሌ-ለ-ዱክ መልክ አበጀው። ሌሎቹ ሐዋርያት ወደ ከተማው ሲመለከቱ፣ የአርክቴክቶች ጠባቂ የሆነው ቶማስ ብቻ ዞሮ ጉልላቱን ወደ ላይ ያያል። ሐውልቶቹ የተሠሩት ስስ መዳብ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በውስጥ ባለ የብረት አጽም ላይ በመገጣጠም ነው።

የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልትም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ቀራፂው ባርቶልዲ ቪዮሌ-ለ-ዱክን አማካሪ አድርጎት ነበር። እርሱም ሐውልቱ ከውስጥ በአሸዋ በተሞሉ ክፍሎች እንዲደገፍ አሰበ። ሆኖም መስከረም 17 ቀን 1879 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ስለሞተ ሥራው ወደ ጉስታቭ ኤፌል ተላለፈ፤ ኤፌል አሸዋውን ትቶ የብረት ማማ ተከለ። መዳብና ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ የሚበላው ብረቱ ስለሆነ በመካከላቸው በሙጫ የተነከረ አስቤስቶስ ተደርጎ ነበር። መለያው እያረጀ ሲሄድ ብረቱ ዛገ፣ አብጦም መዳቡን ገፋው። ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው ጥገና ከመዳቡ ጋር የሚነካኩት ዘንጎች በማይዝግ ብረት ተተኩ። የመዳቡ ቆዳ ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

ከ2019 ቃጠሎ በኋላ

ሚያዝያ 11 ቀን 2019 የኖትር ዳም 16 ሐውልቶች ለጥገና በክሬን ወረዱ። ከአራት ቀን በኋላ ካቴድራሉ ተቃጠለ። ጉልላቱ ወደቀ፤ የጣራው እርሳስ ቀለጠ፣ ብናኙም በአካባቢው ስለተበተነ የጤና ስጋት ፈጠረ። በጉልላቱ ጫፍ የነበረው የመዳብ አውራ ዶሮ ከፍርስራሹ መካከል ተጨራምቶ ተገኘ። በእሳቱ ምክንያት ከተጋለጡት የድንጋይ ማያያዣ ብረቶች ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ኖትር ዳም ከ1160ዎቹ ጀምሮ ብረት በብዛት ያስገባ ሕንፃ ነው።

በመልሶ ግንባታው ዘመናዊ ጉልላት ይሁን የሚሉ፣ በመርዛማነቱ ምክንያትም እርሳስን የሚቃወሙ ነበሩ። በሐምሌ 2020 ግን የቪዮሌ-ለ-ዱክ ጉልላት በኦክና በእርሳስ እንደነበረው እንዲሠራ ተወሰነ፤ በዘመኑ የተወቀሰበት ጭማሪ ራሱ ቅርስ ሆኖ ተቆጠረ። ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። የተጨራመተው አውራ ዶሮ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ በጫፉ ላይ ያለው የእድሳቱ አርክቴክት ፊሊፕ ቪልነቭ ክንፎቹን በእሳት ነበልባል መልክ የነደፈው አዲስ ዶሮ ነው።