የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

ስለ ባርነት ስንማር አሳባችን ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ የጥጥ እርሻ ይሄዳል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችንም ነጋድያን ከዓባይ ማዶ ያመጧቸውን ልጆች በጎጃም በባሶ ገበያ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ በልጅነታቸው ተሸጠው ኋላ የልጆች አስተማሪ የሆኑትን የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር። አባታቸው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዷቸው። በዚያ ዘመን የተሸጠ ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ከብት ይጠብቃል። ጌታው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ስሙም ይለወጣል፤ የሚሰማውም ቋንቋ ሌላ ይሆናል። ሂካም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ምጽዋ ደረሱ። እዚያ ቬርነር ሙንትሲንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸውና በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ሲጠመቁ በቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰውን የባሪያውን የኦኔሲሞስን ስም ተቀበሉ።

በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ደጋግመው ቢነሡም መንገዱ አልቀናቸውም። ስለዚህ በእምኩሉ ተቀምጠው መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከወገኖቻቸው ተለይተው ስለ ኖሩ የእናታቸው ቋንቋ ጐድሎባቸው ነበር። ባርነት ጉልበትን ብቻ ሳይሆን አንደበትንም እንደሚቀማ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ጉድለት የሞላችላቸው እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም የአገሯን ተረትና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች። ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጕሞ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ።

በ1904 ወለጋ ገቡ፤ በነቀምትም ልጆችን በኦሮምኛ አስተማሩ። ተከሰው ማስተማር የተከለከሉበት ጊዜ ቢኖርም ተስፋ አልቈረጡም። በሰኔ 1931 ዐረፉ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው።

በአዊ ብዙዎቻችን በቤት አገውኛ እየተናገርን ያደግን ነን። የእናት ቋንቋን በፊደል ማንበብ እንደ ቀላል ነገር ይታየን ይሆናል። ለኦኔሲሞስና ለአስቴር ግን የተቀሙትን ማስመለስ ነበር። እኛም ታናናሾቻችንን ስናስተምር ይህን እንድናስብ ይገባናል።