አየርን በእጁ ያሰላው ሊቅ

በጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ፣ ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣ ገበሬ ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ አይውልም። ያልታሰበ ዝናብ የዓመት ድካሙን ሊያበላሽበት ይችላልና። የሰማይን ጠባይ በስሌት ቀድሞ ለማወቅ ከደፈሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ናቸው።

ሪቻርድሰን በ1881 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውካስል ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለዱ። በኬምብሪጅ ከተማሩ በኋላ በረግረግ አፈር ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ሲመረምሩ፣ የፍሰቱ እኩልታ በተለመደው መንገድ አልፈታ አላቸው። ስለሆነም ቦታውን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍለው የእያንዳንዱን ነጥብ ዋጋ ከጎረቤቶቹ የሚያሰሉበትን ዘዴ አበጁ። ለሚያግዟቸው ወጣቶችም፣ ቡና ለቃሚ በኪሎ እንደሚከፈለው፣ ባሰሉት ነጥብ ልክ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር የፈሳሽና የአየር ፍሰት የሚሰላበት ጥበብ አንዱ ሥሩ ይኸው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ አላነሣም ብለው ከ1916 እስከ 1919 በፈረንሳይ ግንባር የቁስለኞች መኪና ነዱ። በዚያው ዘመን ሜይ 20 ቀን 1910 በመካከለኛው አውሮፓ የነበረውን አየር መነሻ አድርገው የስድስት ሰዓት ለውጡን በእጃቸው አሰሉ። ስሌቱ የአየር ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይጨምራል አለ። በእርግጥ ግን ግፊቱ በዚያን ዕለት ከሞላ ጎደል ባለበት ቆይቶ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን በደበቀ ነበር። እሳቸው ግን በ1922 ባሳተሙት መጽሐፍ ስሕተቱን ከነሙሉ ስሌቱ አቀረቡ። የኋላ ተመራማሪዎች እርምጃቸውን ተከትለው፣ ጥፋቱ የዘዴው ሳይሆን የመነሻው የነፋስና የግፊት ልክ እርስ በርሱ አለመጣጣሙ መሆኑን ያረጋገጡት በዚሁ ግልጽነት ነው።

በ1920 የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታቸው በአየር ሚኒስቴር ሥር ሲገባ፣ ሳይንሳቸው ለጦርነት እንዳይውል ሥራቸውን ለቀቁ። በኋላም የጦርነትን መንስኤ በሒሳብ መመርመር ያዙ። በ1950 በአሜሪካ ኤንያክ በተባለው ኮምፒዩተር የተሠራው ትንበያ ሲሳካ ውጤቱ ደረሳቸው። በ1953 ዐረፉ።

የሙያ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ስሌታችን ከእውነቱ ሲርቅ በመሳቢያ ቆልፈን የምናስቀረው ወረቀት ስንት ይሆን? ዛሬ ገበሬው ስለ ዝናብ የሚሰማው ትንበያ መነሻ አንድ ሳይደበቅ የታተመ ስሕተት መሆኑን ልናስታውስ ይገባል።