ራስ ካሣ ኃይሉ በልደት ሰሞን ሲታወሱ

እነሆ ታኅሣሥ ተጋምሶ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ተቃርቧል። ይህን ጽሑፍ በምናሰናዳበት በአርሲ ደጋ፣ በጎበሳ፣ ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባበት፣ ከቤት የራቁ ልጆችም ወደ ወላጆቻቸው የሚሰባሰቡበት ወቅት ነው። እኛም በዚህ ሰሞን፣ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን በአንድ የታኅሣሥ ወር ያጡትን አባት ልናስታውሳችሁ ወደድን።

ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ የተወለዱት በ1873 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የላስታው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ፣ እናታቸው ወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ ናቸው። የእናታቸው አባት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ በአርሲ ስማቸው ዛሬም ይነሣል፤ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ብዙ ደም የፈሰሰበትን የአርሲን ዘመቻ የመሩ፣ በኋላም አገሩን ያስተዳደሩ እርሳቸው ነበሩና። የልጅ ልጃቸው ግን ይበልጥ የታወቁት በሰላሌ ነው።

ራስ ካሣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ጠንቅቀው ያወቁ፣ ሊቃውንትን የሚያከብሩ መኰንን ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተልከዋል፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሰልፈዋል። ዘራቸው ለዙፋን የሚያበቃ ሆኖ ሳለ ለራስ ተፈሪ ታማኝ ሆነው መኖራቸው በዘመኑ መሳፍንት ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። ከወይዘሮ ጽጌ ማርያም በሻህ ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋ ወሰንና አሥራተ የተባሉ ወንዶች ልጆችን ወልደዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በሰሜን ግንባር የተሰለፈውን ጦር የመሩት ራስ ካሣ ናቸው። በተምቤን ተዋግተው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በተደረገው በማይጨው ጦርነትም ተካፍለው፣ ከሽንፈቱ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ስደቱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም፤ እኛ ግን ወደ ቀሩት ልጆች እናልፋለን።

ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከዘመቱት አርበኞች መካከል ነበሩ። ጥቃቱ ሳይሳካ ቀርቶ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ደጃዝማች ወንድወሰን በላስታ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ተያዙና ተገደሉ። አበራና አስፋ ወሰን ደግሞ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተሰጥቷቸው ታኅሣሥ 12 ቀን ፍቼ ገቡ። ቃሉ ፈረሰ፤ ሁለቱም እዚያው ፍቼ ላይ ተገደሉ። ልደት ሊከበር የቀረው 17 ቀን ብቻ ነበር።

የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ሐዘናቸውን በልባቸው ይዘው ጦር እየመሩ ጠላትን መዋጋታቸውን እዚህ ላይ ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በሰላሌ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። በስደት ላይ ላሉት አባት የልጆቻቸውና የገዳሙ መርዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ተደራረበባቸው።

በ1933 ዓ.ም. ራስ ካሣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ቢጠጋም ከቤት አልዋሉም፤ የሰላሌን አርበኞች ይዘው ከእንግሊዛዊው መኰንን ከዊንጌት ጋር ወደ ሰሜን የሚሸሸውን የኢጣሊያ ጦር አሳደዱ። በግንቦት ወር ወሎ ውስጥ በአጅባር አካባቢ ብዙ ሺሕ ወታደር ያለው ያ ጦር እጁን ሰጠ። ቃል ታምነው የገቡ ልጆቹ የተገደሉበት አባት፣ አሁን በተራው እጁን የሰጠ ጠላት ከፊቱ ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ሕዝባቸውን አዝዘው ነበር፤ ይሁን እንጂ ትእዛዝ መስማትና በልጅ ደም ላይ መታገሥ አንድ አይደሉም። ራስ ካሣ ታገሡ። ምርኮኞቹም በሕይወት ተረፉ።

ከነጻነት በኋላ በዘውድ ምክር ቤት ውስጥ አገራቸውን ሲያገለግሉ ኖረው ኅዳር 7 ቀን 1949 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ከጦርነቱ የተረፉት አንድ ልጃቸው ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ብዙ ጠቅላይ ግዛቶችን አስተዳድረው፣ ከአባታቸው ዕረፍት 18 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ዐፅማቸው በሐምሌ 1984 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ዐፅም ጋር ተነሥቶ፣ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።