በሬ ባለቀበት ዘመን ዶማ ያነሡት ንጉሥ

የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ስም ሲነሣ በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው የዓድዋ ድል ነው፤ ቀጥሎም ባቡር፣ ስልክና አዲስ አበባ ናቸው። በግብርናው በኩል ያላቸው ታሪክ ግን የሚጀምረው ከአንድ ዶማ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በዘለቀው ክፉ ቀን በሬ አልቆ ማሳው ዳዋ በለበሰበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረዋል። ዛሬ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ዙሪያ ለዓመታት ጦም ያደረ መሬቱን ለመመንጠር የተነሣ ገበሬ በምን መሣሪያ ልጀምር ብሎ ይጠይቃል። በዚያን ዘመን ይህ የአገር ጥያቄ ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ በ1848 ዓ.ም አባታቸው ሞቱ፤ ሸዋን የያዙት አጼ ቴዎድሮስም ወደ ሰሜን ወሰዷቸው። አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በቴዎድሮስ እጅ ቆይተው በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ቴዎድሮስ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያስጠርጉ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። ወጣቱ ምኒልክ ከእሳቸው የወረሱት ነገር ቢኖር ንጉሥ እጁን አፈር ቢነካ ክብሩ እንደማይቀንስ ማየታቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሸዋን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ያደረጉት ዘመቻ ለጉራጌ ምድር ቀላል አልነበረም። ሶዶ ክስታኔ በ1868 ዓ.ም ገደማ ያለ ብዙ ውጊያ ገባ። ምዕራቡ ግን ለዓመታት ተዋጋ። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ያሰባሰቡት ኃይል የተሸነፈው በ1881 ዓ.ም ገደማ፣ ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት አካባቢ በጀብዱ ሜዳ ሲሆን፣ የሸዋን ጦር የመሩት ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የገባርነት ሥርዓት በጉራጌ ገበሬ ጫንቃ ላይ ለብዙ ዘመን ኖሯል። የምኒልክን ዶማ ሲያወሱ ይህን መርሳት ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው።

የጀብዱ ሜዳ ውጊያ በተደረገበት ወቅት ሌላ ጠላት ከሰሜን እየገሰገሰ ነበር። ይኸውም የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ነው። ጣሊያኖች ለሠራዊታቸው ብለው በ1880 ዓ.ም በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ተነሥቶ ሸዋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲሞት የሚጠፋው ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩና ማረሻው አብረው ሥራ ፈት ይሆናሉ። በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ፤ ጅብና ነብር መንደር ድረስ ገቡ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት አገር እንዲህ ያለ ነበር።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ታሪከ ነገሥት እንደሚታወቀው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ ለተጠጉ ረሃብተኞች እህል ከማከፋፈል አልፈው ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም ተከተሏቸው። ዶማና መጥረቢያም እየተሠራ ለድሃው እንዲሰጥ አደረጉ። መኳንንትና ወታደር አፈር መንካትን እንደ ውርደት በሚቆጥርበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በሬ የሞተበት ገበሬ ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ከስንፍና የተነሣ አይደለም። የሚያውቀው እርሻ በበሬ የሚታረስ ስለሆነ ነው። ንጉሡ በዶማ ሲቆፍሩ ማየቱ ያለ በሬም እህል ይበቅላል ብሎ እንዲያምን አድርጎታል።

በሙያ ዓይን ሲታይ የዶማው ምርጫ ምን ያህል ትክክል ነበር? አንድ ሰው በዶማ የሚቆፍረው መሬት አንድ ጥማድ በሬ ከሚያርሰው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ክረምት ያላረፈበት ሰው የሌለ ማሳ በቀጋ፣ በአጋም፣ በእንጆሪና በክትክታ ይሸፈናል። እንዲህ ያለው መሬት ላይ በሬ ቢኖርም ማረሻው ሥር ይዞት ይቆማል፤ ሞፈርም ይሰበራል። ስለዚህ ዳዋ ለለበሰ መሬት ዶማ የበሬ ምትክ ብቻ አልነበረም፤ በሬ ቢገኝ እንኳ ከእሱ መቅደም የነበረበት መሣሪያ ነው።

ከዶማም የሚቀድም አለ። ለዚህ ነው ዶማና መጥረቢያ አብረው መሰጠታቸው ትርጉም የሚኖረው። መሬት የሚመነጥር ሰው ሁሉንም በአንድ መሣሪያ ልጨርስ ካለ ጉልበቱንም መሣሪያውንም ያባክናል። እንደ እንጆሪና ቆንጥር ያለውን ተስቦ የሚጠላለፍ እሾህ በእጅ ይዞ መቁረጥ አይቻልም፤ በባላ ወይም በመንሽ ገፍቶ ወጥሮ ከሥር በቆንጨራ መምታት ያስፈልጋል። ጣት የሚያክለው ቁጥቋጦ የገጀራ ሥራ ነው። ክንድ የሚያክለውን በገጀራ መደብደብ ግን ስለቱን ከማጠፍ ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ እሱ የመጥረቢያ ነው። ከላይ የተቆረጠ ቀጋ ወይም አጋም ከሥሩ ካልወጣ በቀጣዩ ክረምት በዝቶ ይመለሳል፤ ዶማው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጊዜውም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ቅርንጫፉን በበጋ ቆርጦ ማድረቅ፣ ሥሩን ደግሞ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው መንቀል የሰውን ድካም በግማሽ ያቀላል። አቋራጭ ነው ብሎ እሳት መልቀቅ ግን የጎረቤትን አጥር ከማቃጠል አልፎ ሥሩን ሳይነካው ይቀራል።

በዚህ ነገር የጉራጌ ገበሬ ከንጉሡ የሚማረው ብዙም አልነበረም። እንሰት የሚተከለው በመቆፈሪያና በዶማ፣ በደቦ ተሰልፎ ነው፤ ጥማድ በሬ አይጠይቅም። በበሬ የሚታረሰው አገር በረሃብ ሲረግፍ የእንሰት አገር ሕዝብ በተሻለ ሁኔታ ክፉውን ቀን እንዳለፈ የታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆጮ ዝናብ ቀረ ብሎ አይጠፋም። ይህ ማለት ግን ጉራጌ ምንም አልደረሰበትም ማለት አይደለም። እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ ደግሞ ከከብት ነው። ከብቱ ያለቀበት ቤት ጓሮው እየሳሳ የሚሄደው ቀስ በቀስ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ እንዳለው የመስቃን ሜዳ እህል በበሬ የሚታረስበት አገር ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው የሚታይ ነው።

ከ1884 ዓ.ም በኋላ ዝናቡም አዝመራውም ተመለሰ። ከብቱ ግን ለመራባት ብዙ ዓመት ወሰደበት። በዚህ መሐል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ የሆነው በሌላ ገጽ ደጋግሞ የተጻፈ ነው። ለዚህ ገጽ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ያህል ሠራዊት ስንቁን ይዞ ከሸዋ ትግራይ ድረስ የዘመተው አገሩ ከረሃቡ ካገገመ ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ነው።

ምኒልክ መሣሪያ ይወዱ ነበር። ሰዓትና ጠመንጃ ፈትተው መልሰው የሚገጥሙ፣ አዲስ ነገር መጣ ሲባል ራሳቸው ካልሞከሩ የማያርፉ ሰው ነበሩ። በ1871 ዓ.ም ገደማ ከስዊዘርላንድ የመጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለብዙ ዓመታት አብሯቸው የሠራው ለዚህ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ የሚደመድመውን የእንፋሎት ተሽከርካሪ ሲያመጣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። ያ ብረት ግን አዲስ አበባ የደረሰው በመከራ፣ በብዙ ሰው ጉልበት ታግዞ ነው። መሣሪያ የሚመረጠው በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድም ጭምር ነው። ዛሬም የሞተር መጋዝ ገዝቶ ነዳጅና ሰንሰለት ፍለጋ ወልቂጤ የሚመላለስ የገጠር ሰው ይህን አይስተውም።

አዲሲቱን ከተማ ከመነጠሩና መንገዷን ከቆፈሩ እጆች መካከል የጉራጌ ሰው እጅ ብዙ ነው። በገንዘብ የሚከፈል ግብር ሲመጣ ገንዘቡ ያለው ከተማ ነበርና፣ የጉራጌ ወጣት ዶማውን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። ጉራጌ በከተማው ሥራና ንግድ ያለው ስም ሥሩ እዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከዶማው ጀርባ ያለው ሰው ጉዳይ ነበር። መጥረቢያውንና ማረሻውን የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ በአገሪቱ ሁሉ ይናቅ ነበር፤ ጉራጌም ከዚህ ነፃ አልነበረም። ያለ እሱ መሣሪያ መሬት መመንጠር የማይችለው ማኅበረሰብ ለእሱ መሬት አይሰጠውም፤ በማዕድም በጋብቻም አይቀላቀለውም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ሰውን በሙያው መስደብ ከለከሉ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውንና አፈር የሚገፋውን በሥራው ያዋረደ በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። በረሃብ ዘመን ዶማ ከማከፋፈል ይልቅ ይህ አዋጅ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዶማው በአንድ ክረምት ያረጃል፤ የሚሠራው ሰው ከተዋረደ ግን ልጁ ሙያውን ይሸሻል። አዋጁ ንቀቱን አላጠፋውም፤ በገጠሩ ከንጉሡ በኋላም ብዙ ዘመን ዘልቋል።

የሚኒስትሮች ሹመት የተሰጠውም በዚያው 1900 ዓ.ም ነው። ግብርና ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆኖ ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ተሰጠ። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሻ ጉዳይ የሚጠየቅ ሹም አገኘች ማለት ነው።

ሌላው የንጉሡ ውርስ ባሕር ዛፍ ነው። የእንጦጦና የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከውጭ መጥቶ በፍጥነት የሚያድገው ዛፍ ነው። በዘመናቸው ማብቂያ ላይ ደግሞ ውኃ ያደርቃል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ በሥራ ላይ ግን አልዋለም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።

ያ ዛፍ ዛሬ ከሶዶ እስከ ቸሃና እዣ ኮረብታውን ይዞታል። አጣናው በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የብዙ ቤት የትምህርት ቤት ወጪና የመስቀል በሬ መግዣ ከእሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለ መሬቱ ባሕር ዛፉን አንሥቶ እንሰት፣ በርበሬ ወይም ፍራፍሬ ልትከል ባለ ቀን ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ መጋዝ ብቻውን አያጠፋውም። ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ መቁረጥ፣ ከዚያም በዲጂኖ መፈንቀል ያስፈልጋል። ጉልበት ያነሰው ደግሞ የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ ሳያሰልስ እየመለመለ ጉቶውን ያዳክመዋል፤ ይህኛው መንገድ ዓመታት ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ መጥረቢያ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ ብረቱን ቢያይ ይሻለዋል። በእጅ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ የእጀታው ቀዳዳ ያልተሰነጠቀ፣ ስለቱ በሞረድ ሲሳል በቀላሉ የማይፋቅ መሆን አለበት። ከመኪና ባሌስትራ በአገር ብረት ቀጥቃጭ የተሠራው ከፋብሪካው ቀጭን ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እጀታውም የደረቀ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ብረቱ ተነቅሎ ይወጣና አጠገብ የሚሠራውን ሰው ይጎዳል።